ወደ ግራ የሚጠብቀው ጥርስ

ሐዋ ደውላ «ዘይነባ ሞተች፤ ዛሬ ከዙሁር ሶላት በኋላ ቀበርናት» ስትለኝ ጓንቴን እንኳ አላወለቅኩም ነበር። ስልኩን በጆሮዬና በትከሻዬ መካከል አጣብቄ «የትኛዋ ዘይነባ?» አልኳት፣ የትኛዋ እንደሆነች ልቤ እያወቀ። ቆቦ ውስጥ ዘይነባ የሚባል ሴት ሞልቷል።

«ዘይነባ ሳይክል ናታ!» አለችና ማልቀስ ጀመረች።

እኔም አለቀስኩ። አልቅሼ ስጨርስ ደግሞ ተናደድኩ። ታማ እንደነበር ማንም አልነገረኝም፤ እሷም ብትሆን በበዓል ስደውልላት «ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ» ብላ ወደ ሌላ ወሬ ታልፍ ነበር። ሲከፋኝ መጀመሪያ የሚመጣልኝ ቁጣ ነው። ይህን ጠባዬን ከማንም ቀድማ ያወቀችው ራሷ ዘይነባ ነበረች። «አንቺ ጎጃሜ፣ ኀዘንሽም ጠብ ነው!» ትለኝ ነበር።

አዋላጅ ነኝ። አሁን የምሠራው ትውልድ አገሬ ፍኖተ ሰላም ቢሆንም ተመርቄ መጀመሪያ የተመደብኩት ቆቦ አካባቢ ከነበሩት ጤና ጣቢያዎች በአንዱ ነው። ሐዋ ደግሞ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ወንዝ ማዶ ባለው ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት። የማዶዎቹን ነፍሰ ጡሮች በየጊዜው እየሄድኩ የማያቸው እኔ ነበርኩ፤ የምሄደውም አንድ ድርጅት ለጤና ጣቢያው በሰጠው የተራራ ሳይክል ነው። የራያ ሜዳ ለጥ ያለ ስለሆነ እግር ላለው ሰው ሳይክል ይበቃዋል። ችግሩ ድንጋዩና እሾሁ ነው። በመጣሁ በወሩ ጎማው ፈነዳብኝና ሰው ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ጠቆመኝ፤ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት።

እንደ ቀርከሃ የረዘመች ቀጭን ሴት ናት ያገኘሁት፤ የሂጃቧን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ ጎማ ትጠግናለች። ዕድሜዋ ከእናቴ ዕድሜ ስለማይተናነስ «እትዬ፣ ይህን ሊሠሩልኝ ይችላሉ?» አልኳት።

የሂጃቡን ጫፍ ከአፏ አወጣች። «አንቱ አትበይኝ! ገና አላረጀሁም። አንቱ ካልሽኝ ሳይክልሽን ይዘሽ ሌላ ዘንድ ሂጂ።»

ሌላ ዘንድ የሚባል ነገር አልነበረም። ስለዚህ «እትዬ» እያልኩ በ«አንቺ» ጠራኋት፤ እስከ መጨረሻውም እንዲሁ ቀረ።

የተሠራ ሳይክል ዝም ብላ አትሰጥም። ባለቤቱን ሳይክሉ ላይ አስቀምጣ እስከ መንገዱ ጫፍ ድረስ ታስነዳዋለች፤ እሷ ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች። ሰው ቢያናግራት «ዝም በል፣ ብረቱን ልስማው!» ትላለች። ካልጣማት ሳይክሉን ከባለቤቱ እጅ ነጥቃ እንደገና ትፈታዋለች። ገበሬው ገበያ እንዳያመልጠው ሲለምናት፣ አስተማሪው ክፍል ረፈደብኝ ሲላት፣ ደንታም የላትም። ወንዶቹ መጀመሪያ «ሴት ሳይክል ጠጋኝ» እያሉ ይስቁ ነበር አሉ። እኔ ስደርስ የሚስቅ አልቀረም፤ ይፈሯት ነበር።

ኩራቷ ግን ለጉድ ነው። አንዴ የግብርና ቢሮው ሰውዬ የኋላ ጎማው እንደሚዋልል ሊነግራት መጣ። «ጎማው አይዋልልም፣ አንተ ነህ የምትዋልል» ብላ አባረረችው። በነጋታው ማለዳ ሳይክሉን ከቢሮው በር ላይ ወስዳ፣ ራጂውን፣ የጎማውን ቀጫጭን ሽቦዎች፣ አንድ በአንድ ወጥራ፣ ሰውዬው ሳይመጣ መልሳ አቆመችለት። ጎማው ተስተካከለ፤ ከአፏ ግን «ተሳስቻለሁ» የሚል ቃል አልወጣም። ቆቦ ውስጥ ከዘይነባ አፍ ያን ቃል የሰማ አንድም ሰው አልነበረም።

ሙያውን ያስተማራት አባቷ ነው። እሱ በወጣትነቱ አስመራ ሄዶ በጣሊያን ሳይክሎች ላይ የሠራ ሰው ነበር፤ ወንድ ልጅ ስላልነበረው ያወቀውን ሁሉ ለሷ ሰጣት። አባቷ ያላትን የሚሽር ነገር አልነበረም። እሱ ካላት አንዱ ደግሞ ከግራው ፔዳል በቀር ብሎን ሁሉ ወደ ቀኝ ሲዞር ይጠብቃል፣ ወደ ግራ ሲዞር ይላላል የሚል ነው። በጣሊያኖቹ ሳይክሎች ላይ የፔዳሉ ዘንግ የሚገባበት ቤት እንኳ በግራም በቀኝም እንደዚያው ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጡትን የሌላ አገር ሳይክሎች ስትሠራ ደግሞ የፔዳል ቤቱን የምትከፍተው በግራ በኩል ብቻ ነው፤ ቅባቱን ትቀይራለች፣ ኩሽኔታውን ታጥባለች፣ መልሳ ትዘጋለች። የቀኙን ማንም አይነካውም፤ የሚነካበትም ምክንያት የለም፣ ፍሬም ካልተቀየረ በስተቀር።

የኔ ሳይክል ፍሬም አንገቱ ላይ ተሰነጠቀ። በያጁ በየደውና እንደገና ተሰነጠቀ። ዘይነባ ስንጥቁን በጥፍሯ ስትዳብስ ቆይታ «ይኸን ካሁን ወዲህ አትነጂውም» አለችኝ። «ሁለተኛ የተበየደ አንገት ሰው ይገድላል።» ከዚያ በራሷ ጊዜ በአፋር በኩል አሮጌ ዕቃ የሚያመጣ ነጋዴ አነጋግራ አንድ የተራራ ሳይክል ፍሬም አገኘችልኝ። ራቁቱን ነው፤ ጎማ የለው፣ መሪ የለው፣ ዘንግ የለው። እሷ ግን ሙሽራ የገባላት ይመስል ዞራ ዞራ አየችው።

«ጎማው ይገባል፣ መሪውም ይገባል» አለችኝ። «ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።» በጣቷ የፔዳል ቤቱን ጠቆመችኝ፤ ከፍሬሙ ሥር ያለች፣ ፔዳሎቹን የሚያገናኘው ዘንግ የሚያልፍባት አጭር ቱቦ። «ይች ቤት ሁሉም ፍሬም ላይ አንድ አይደለችም። ያንቺ አሮጌው ሰፊ ነው፣ ይኸ ጠበብ ይላል። የድሮውን ዘንግ ብናስገባበት ወጥቶ ይቀራል፣ ካቴናውም ቦታውን ይስታል።» በሲባጎ ለካች፣ ደጋግማ ለካች፣ ልኩንም ለአውቶቡስ ሹፌር ሰጥታ ከደሴ አዲስ ዘንግ ከነኩሽኔታው አስመጣች። ሲመጣ ልኩ አልተዛነፈም። ቀኑን ሙሉ እያፏጨች ዋለች።

የሚገጠምበት ቀን ገበያ ነበር። ሌሊቱን ከበላያችን ባለው ተራራ ላይ ዘንቦ ስለነበር ወንዙ መጥቷል የሚል ወሬ ከጠዋቱ ደርሶናል። እኔ ዘይነባ በር ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ፍሬሙን በጉልበቴ እይዝላታለሁ። እሷ የፔዳል ቤቱን የቀኝ ጥርስ፣ ዘንጉ የሚጠብቅበትን ጠመዝማዛ መስመር፣ በጨርቅ እያጸዳች ሳለ ስልኬ ጮኸ። ሐዋ ናት።

«ሲስተር፣ ሰዓዳ ወለደች! አንዷ ወጥታለች፣ ሴት ናት፣ ደህና ናት። ሁለተኛው ግን አልመጣም። ምጡም ቆሟል። ሆዷን ስዳብሰው አግድም የተኛ ይመስለኛል። ነይልኝ፣ በአላህ!»

ሰዓዳን አውቃታለሁ። መንታ መያዟን አውቀን ቀኗ ሲቃረብ ወደ ከተማ ወጥታ ልትወልድ ከባሏ ከይመር ጋር ተስማምተን ነበር፤ ምጡ ቀደማት። የአምቡላንሱን ሹፌር ደወልኩለት። ወንዙ ዳር ደርሶ ተመልሷል፤ ጎርፉ የመንገዱን አፋፍ ቆርሶ ወስዶታል፣ ውሃው ቢጎድልም መኪና ሊወርድ አይችልም አለኝ። ሰው ግን እጅ ለእጅ ተያይዞ እየተሻገረ ነው። ሳይክል በትከሻ ይሻገራል ማለት ነው።

«እትዬ፣ ቶሎ በይ!» አልኳት። «ሁለተኛው ልጅ ሆድ ውስጥ ነው ያለ። ከዘገየሁ አላገኘውም።»

ዘይነባ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ በፊት ስትቸኩል አይቻት አላውቅም። ዘንጉን አነሳችና በቀኝ በኩል አፉ ላይ አድርጋ ወደ ቀኝ አዞረችው። አልያዘም። «ቀለም ነው የያዘው» አለችና ዘይት ጨመረች። እንደገና ሞከረች፤ ትንሽ ያዘና ቆመ። «ዝገትም አለው» አለች። የቁልፉ እጀታ ላይ ረጅም ቱቦ ሰካችና በሁለት እጇ ተንጠለጠለችበት። ብረቱ ጮኸ። ጩኸቱን እኔም ሰማሁት፣ ወንዙ ዳር ሊያደርሰኝ የጠራሁት የባጃጅ ሹፌር ሙሔም በር ላይ ሆኖ ሰማው። ሁልጊዜ ዓይኗን ጨፍና የምትሰማው ሴት ግን ያን ቀን አልሰማችም። አንዴ ደገመችው።

ዘንጉ ተጣሞ ገባ። ስታወጣው የፍሬሙ ጥርስ እንደተላጨ ፀጉር እየተጠቀለለ አብሮት ወጣ። እጇ ላይ ያለውን ፍርፋሪ ስታይ ቆየች። ከዚያ የዘንጉን ጠርዝ በሂጃቧ ጠረገችው፤ ከግሪሱ ሥር ቀስት ተቀርጾበታል። ቀስቱ ወደ ግራ ያሳያል።

ሙሔም፣ ከወፍጮ ቤቱ የወጡት ሰዎችም፣ እኔም ከበብናት። ስድብ እጠብቅ ነበር፤ ነጋዴውን፣ ፋብሪካውን፣ እኔን።

«አበላሸሁት» አለች። ድምፅዋ አልተለወጠም። ዘንጉን ከፍ አድርጋ ለሁላችንም አሳየችን። «በዚህ በኩል ወደ ግራ ነው የሚጠብቀው። ጽፈውልኝ ነበር። አላየሁም። እኔ ነኝ ያበላሸሁት።»

ሙሔ ሌላ ሳይክል ፍለጋ ገበያውን በሩጫ ዞረ። ባዶ እጁን ነው የተመለሰው፤ ወንዙ ስለመጣ የማዶ ገበሬዎች በሳይክላቸው አልመጡም፣ እሷ ቤት የነበሩትም ጎማ የሌላቸው ናቸው። «በእግሬ እሄዳለሁ» ብዬ ተነሳሁ። ዘይነባ ግን የሳልሳ ጣሳ በመቀስ ቆርጣ ቀጭን ጥብጣብ አውጥታ ነበር። ጥብጣቡን ዘንጉ ላይ ጠቀለለችና በተበላው ቤት ውስጥ በመዶሻ እያባበለች ከተተችው። ግራውን በደንቡ አጠበቀች። ካቴናውን፣ ጎማውን ገጠመች። እጇ እንደዚያ ሲፈጥን አይቼ አላውቅም።

«ይይዛል?» አልኳት።

«አይይዝም። ትንሽ ሄዶ ይላላል። እየቆምን እናጠብቀዋለን።»

«እናጠብቀዋለን?»

«ታዲያ ማን ሊያጠብቅልሽ ነው? አንቺ ማዋለዱን እወቂ። ይኸን ያበላሸ ሰው አብሮሽ ይሄዳል።»

ትልቁን ቁልፍ ይዛ፣ በገበያ ቀን፣ ሱቋን ለወፍጮ ቤቱ ሰው አደራ ብላ ባጃጁ ላይ ወጣች። ሳይክሉን ጣሪያው ላይ አሰርነው።

ዘይነባ ውሃ እንደምትፈራ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ወንዝ በመጣ ቀን ድልድይ እንኳ አትሻገርም፤ በልጅነቷ ጎርፍ ያደረገባትን ነገር ጠይቄያት አልነገረችኝም። ወንዙ ዳር ስንደርስ ውሃው ጎድሎ እስከ ጭን ቀርቷል፣ ቡናማና ወፍራም ነው፣ ቅርንጫፍ ያንከባልላል። የሚያሻግሩት ጎረምሶች ሳይክሉን በትከሻቸው ተሸከሙ። አንዱ የኔን እጅ ያዘ። ዞሬ ሳያት ዓይኗን ጨፍና፣ የሳይክሉን የኋላ ጎማ በአንድ እጇ ጨምድዳ፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ውሃው ውስጥ ገብታለች። አንዴ ተንሸራተተች። ሁለት ጎረምሶች ብብቷን ይዘው አነሷት። ማዶ ስትወጣ ቀሚሷ እስከ ወገቧ ጭቃ ነበር።

«ምን ታዪኛለሽ?» አለችኝ። «ንጂ!»

የኋላ መጫኛው ላይ በጎን ተቀመጠች፤ በአንድ እጇ ወገቤን፣ በሌላው ቁልፉን ይዛ። ቀጭን ብትሆንም ሰው ናትና ትከብዳለች። መንገዱ በማሽላ እርሻ መካከል ያልፋል፤ አንዳንዱ ቦታ አሸዋ፣ አንዳንዱ ቦታ ዝናቡ ያቆየው ጭቃ ነው። ሙቀቱ ፊቴን ይጠብሰዋል። ጭኔ ተቃጠለ። ከኋላዬ ድምፅዋ አያቋርጥም።

«ቀኝሽን አትጫኚው! ለስለስ! አሁን በግራሽ… አዎ። ቁሚ!»

እኔ ገና ምንም ሳይሰማኝ ነው ቁሚ የምትለው። ዘላ ትወርዳለች፣ ቁልፉን ትሰካለች፣ ታጠብቃለች፣ «ንጂ!» ትላለች። ሾላው ጥላ ሥር ቆምን። ግመል የሚነዱ አፋሮች አጠገባችን ሲያልፉ ቆምን። ከዚያ በኋላ መቆሙ እየተደጋገመ መጣ፤ በቆምን ቁጥርም ቆርቆሮው ትንሽ ትንሽ እየተቀደደ ይወጣል። አንድ ቦታ ላይ ሐዋ ደወለች። ስልኩን ከኪሴ አውጥታ ያነሳችው ዘይነባ ናት።

«የልብ ምቱ ይሰማል ወይ?» ብለሽ ጠይቂያት አልኳት እየነዳሁ።

ጠየቀች። «ይሰማል ብላለች» አለችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ «ግን ቀዝቅዟል ብላለች» አለች። ለቀሪው መንገድ ስለ ፔዳሉ ካልሆነ በቀር አልተናገረችም። አንዴ ብቻ ነፋሱ ድምፅዋን ወደኔ አመጣው፤ «ያ ረቢ፣ እኔን ቅጣኝ፣ እሷን አድርሳት» ትል ነበር።

የቀበሌው የቆርቆሮ ጣሪያዎች ከሩቅ ሲታዩን ፔዳሉ ከሥሬ ጠፋ። ዘንጉ ተንሸራቶ ወጥቶ፣ ካቴናው ወልቆ፣ ሁለታችንም አቧራው ላይ ወደቅን። ዘይነባ ተነስታ አየችው። ለመጀመሪያ ጊዜ ቁልፉን አልሰካችም።

«አለቀ» አለች። ቦርሳዬን አንስታ ጀርባዬ ላይ ጣለችልኝ። «ሩጪ፣ ልጄ። ሩጪ!»

ሮጥኩ። እንደዚያ ቀን ሮጬ አላውቅም።

ሰዓዳ መሬት ላይ በተነጠፈ ጀንዲ ላይ ተኝታ ነበር። ሴቷ ሕፃን በሻሽ ተጠቅልላ ከሰዓዳ አማት እቅፍ ውስጥ ታለቅሳለች። ሐዋ ስታየኝ ቦርሳዬን ከጀርባዬ ተቀበለችኝ። ሁለተኛው ልክ እንዳለችው አግድም ነበር፤ በእጄ አዙሬ አወጣሁት። ወንድ ነው። ሰውነቱ ልፍስፍስ ብሏል። አየር ሰጠሁት፣ ጀርባውን አሸሁት፣ እንደገና አየር ሰጠሁት። አንዴ የተነፈሰ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ አልተነፈሰም። የሰዓዳ ደም መፍሰስ ጀምሮ ስለነበር እሱን ለሐዋ ሰጥቼ ወደ እናቱ ዞርኩ። ደሙ ቆመ። እሷ ተረፈች።

ቀድሜ ብደርስ ይተርፍ ነበር ወይ? አላውቅም። ሊተርፍ ይችል ነበር፣ ላይተርፍም ይችል ነበር። በሙያዬ የማውቀው ይህንኑ ያህል ነው፤ ለዘይነባም ደጋግሜ የነገርኳት ይህንኑ ነው።

ስወጣ ግቢው በሰው ተሞልቷል። ዘይነባ የተሰበረውን ሳይክል እየገፋች ደርሳ በሩ ላይ ቆማለች፤ ጭቃው ቀሚሷ ላይ ደርቋል። ነገሩን ከሰዎቹ ሰምታለች። ይመር ዱላውን ይዞ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ ገና ወጣት ነው፣ ፊቱ አመድ መስሏል። አንድ ሽማግሌ ትከሻውን ይዘው ያጽናኑታል።

«የአላህ ሥራ ነው፣ ልጄ። ጎርፉ ነው ያዘገያቸው። አብሽር።»

«ጎርፉ አይደለም» አለች ዘይነባ።

እጇን ልይዛት ስጠጋ ገፍታኝ አለፈች። ይመር ፊት መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ጎርፉ ስንደርስ ጎድሎ ነበር። አዋላጇን ያስቀረኋት እኔ ነኝ። ወደ ግራ የሚዞረውን ወደ ቀኝ አዙሬ ሳይክሏን አበላሸሁባት። ባላበላሸው ኖሮ በጊዜ ትደርስ ነበር። የማመካኘው ነገር የለኝም፤ ያላችሁትን እቀበላለሁ።»

ከሰዎቹ መካከል አንዱ አጉረመረመ። ሌላው «ይችን ሴትዮ ማን አመጣት?» አለ። ይመር አልተንቀሳቀሰም። ዱላውን የያዘበት እጁ ሲነጣ አየሁና በመካከላቸው ገባሁ። ሽማግሌው ዱላውን ከእጁ ቀስ ብለው ወሰዱት። ይመር ጀርባውን ሰጥቷት ወደ ቤት ገባ።

ስንመለስ ተናደድኩባት። «ማን ጠየቀሽ? ሽማግሌው ጎርፉ ነው ብለው ነበር እኮ! ዝም ብትዪ ማንም አያውቅም ነበር።»

«ውሃው ላይ ልጣለው?» አለችኝ። «ውሃው ምን አደረገ?»

ሰዓዳ ከአራስ ቤት ስትወጣ ዘይነባ ያን ወንዝ እንደገና ተሻገረች። አብሬያት ነበርኩ። ሰዓዳ ሴቷን ልጅ እያጠባች ነው ያገኘናት።

«ሐቅሽ አለብኝ» አለቻት ዘይነባ። «አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ።»

ሰዓዳ ልጇን ወደ ሌላው ጡቷ አዞረች። «አልዋሽሽም፣ እትዬ» አለች። «አፌ ይልልሽ ነበር። ልቤ ግን እምቢ ብሏል። ልቤ ሲል እልሻለሁ።»

እኔ ተቆጣሁ፤ እንዲህ ይባላል ወይ ብዬ። ዘይነባ ግን ተነስታ የሰዓዳን ግንባር ሳመች። «እውነትሽን ነው። አትቸኩይ» አለቻት።

ከዚያ ወዲህ ፍሬም ለመቀየር፣ ዘንግ ለማውጣት የመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሰማው ነገር አንድ ሆነ። «የቀኙ ወደ ግራ ነው የሚጠብቀው። እኔ ይኸን ሳላውቅ የሰው ልጅ አጉድያለሁ» ትለዋለች። ከጎብዬ፣ ከሮቢት ለመጡ ጠጋኞች ትነግራቸዋለች፤ ከዋጃ የመጣውን አንዱን አስቀምጣ እጁን ይዛ አሳየችው። «እትዬ፣ በቃ፣ ሰው ሁሉ አወቀ» ብላት «ወጣቶቹ አላወቁም» ትለኛለች። በየገበያው ቀን ከማዶ የሚመጣውን ሰው ሰዓዳ ደህና ናት ወይ ብላ ትጠይቃለች። ሰዓዳ ግን ወደ ሱቁ መጥታ አታውቅም። እኔ ወደ አገሬ ስዛወር ነገሩ እንደዚያው ነበር፤ ስደውልላት ስለሱ መጠየቅ እየከበደኝ ተውኩት።

ባለፈው ሳምንት ፈቃድ ወስጄ ለተዝያ፣ ልቅሶ ልደርስ፣ ቆቦ ሄድኩ። የዘይነባ ቤት ውስጥ ሴቶቹ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሐዋ ከበሩ ላይ ተቀበለችኝና እያለቀስን ገባን። ጥግ ላይ የተቀመጠች አንዲት ሴት ቦታ ለቀቀችልኝ፤ ሳያት ሰዓዳ ናት። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ጀናዛዋን ያጠበቻት እሷ ናት» አለችኝ ሐዋ በጆሮዬ። «ማንም አልጠራትም። እንደሰማች ኸማዶ በእግሯ መጣች፣ እኔ አጥባታለሁ አለች። እምቢ የሚላት ሰው አልተገኘም።»

ሰዓዳ ሰምታናለች። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ታያቸዋለች።

«በቁሟ አላልኳትም፣ ሲስተር» አለችኝ። «ልል መጣሁ፣ ተመለስኩ። ደግሞ ልል መጣሁ፣ ኸገበያው መሀል ተመለስኩ። ኋላ ሞተች አሉኝ። ጣቶቿን ሳጥብ ያ የግሪስ ጥቁር አለቅም አለኝ። በሳሙና አሸሁት፣ አሸሁት፤ እምቢ አለኝ። ያኔ በጆሮዋ ጎንበስ ብዬ ‹ሐቄን ለቅቄልሻለሁ፣ እትዬ፣ አብሽሪ› አልኳት። ኸነጥቁሩ ገነዝኳት።»

ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ ቀልቷል።

«ሰምታኛለች ይመስልሻል?»

በሥራዬ ብዙ ሞት አይቻለሁ፤ የሞተ ሰው እንደማይሰማ አውቃለሁ። እጇን ያዝኳት።

«ሰምታሻለች» አልኳት።